ሒሳቡ ያልተጠየቀ ሰላም

ርእሰ አንቀጽ

ባለፈው ሳምንት በክርክር ክበባችን የተነሣው ጥያቄ ብዙዎቻችንን በየመኝታ ክፍላችን እስከ እኩለ ሌሊት ሲያነጋግር ከርሟል። ጥያቄው «በደቡብ ሱዳን መቅደም ያለበት ሰላም ነው ወይስ ተጠያቂነት?» የሚል ነበር። ከተከራካሪዎቹ አንዱ፥ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ወንድማችን፥ «ቤት ሲቃጠል መጀመሪያ እሳቱ ይጠፋል እንጂ ከሣጥን ውስጥ ስንት ብር ጠፋ ተብሎ አይቆጠርም» ባለ ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኛም አጨብጭበናል። ጭብጨባው ጋብ ሲል ግን ዘመዶቹ በጋምቤላ የስደተኞች ሰፈር የሚኖሩ አንድ ተማሪ ከኋላ ወንበር ተነሣና «ይህ እሳት እስካሁን ስንት ጊዜ ጠፋ ተብሎ ተፈረመ?» ብሎ ጠይቆ ተቀመጠ። መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም።

ይህ ርእሰ አንቀጽ የተጻፈው ያ ጥያቄ ያለ መልስ እንዳይቀር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የሰው አገር ነገር ነው፥ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ ከደጃችን ነው። በፌብሩዋሪ 1972 የሱዳን መንግሥትና አንያንያ የተባሉት የደቡብ ተዋጊዎች የተዋዋሉት በአዲስ አበባ፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሸምጋይነት ነው። በ1983 የደቡቡ ነጻ አውጪ ጦር ኤስ.ፒ.ኤል.ኤ. የተቋቋመው በእኛው ምድር ላይ፥ በደርግ መንግሥት ረዳትነት ነው። የ2015 ውል በአዲስ አበባ ተፈርሟል፤ የ2018ም እንዲሁ። ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ ያለው የኑዌር ሕዝብ አንድ ቋንቋ የሚናገር፥ በዘር የተቆራኘ አንድ ወገን ነው፤ የአኙዋም ሕዝብ እንደዚያው። ጦርነቱ በተነሣ ቁጥር ሕፃናቱን ያዘለው ሕዝብ የሚሻገረው ወደ ጋምቤላ ነው፤ ከ2013 በኋላ ብቻ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ገብተው በኩሌ፥ በተርኪዲ፥ በጀዊና በሌሎቹ ሰፈሮች ተቀምጠዋል። እንግዲህ ሽምግልናው በቤታችን፥ ስደተኛውም በቤታችን ከሆነ፥ «አያገባንም» ማለት የሚቻል አይመስለንም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ።

ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ያገኘችው በቀላል ዋጋ አይደለም። የ1972 ውል ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ በ1983 ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ደቡቡን በሦስት ክፍል በመበጣጠሳቸውና በአገሩ ሁሉ የሸሪዓን ሕግ በማወጃቸው ፈረሰ። በዚያ ላይ በቤንቲዩ አካባቢ ነዳጅ ዘይት ከተገኘ ወዲህ የሰሜኑ መንግሥት ዐይን በደቡቡ መሬት ላይ አርፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሃያ ሁለት ዓመት በተደረገው ጦርነት፥ በረሀብና በበሽታ የሞተው ተጨምሮ፥ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። በጃንዋሪ 2005 በናይሮቢ አጠቃላይ የሰላም ውል ተፈረመ። ከስድስት ዓመት በኋላ በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ ውስጥ 98.83 ከመቶው ነጻነትን መረጠ። ጁላይ 9 ቀን 2011 በጁባ አደባባይ አዲሱ ሰንደቅ ዓላማ ሲወጣ ያለቀሱት ሽማግሌዎች እንባቸው የደስታ ነበር።

ታዲያ ይህን ያህል በአንድ ድምፅ የተነሣ ሕዝብ ነጻ በወጣ በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ጊዜ ውስጥ እርስ በርሱ ሊተላለቅ የቻለው ስለ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ዲንቃና ኑዌር ከጥንትም ጠበኞች ናቸው» የሚል ነው። ይህ መልስ አጭር ስለ ሆነ ይወደዳል፤ እውነቱን ግን ይሸፍናል። ዲንቃና ኑዌር በከብትና በግጦሽ ቢጋጩም፥ ጉዳያቸውን በሽማግሌ እየጨረሱ፥ እየተጋቡም ለብዙ ዘመን አብረው ኖረዋል። አዲስ የመጣው ነገር ሌላ ነው፤ እርሱም ተቈጣጣሪ የሌለው ገንዘብ ነው።

በ2005 ውል መሠረት ከደቡቡ ጕድጓዶች ከሚወጣው ዘይት የተጣራ ገቢ ግማሹ ለደቡቡ መንግሥት እንዲሰጥ ተወሰነ። ነጻነት ሲመጣ ደግሞ ከመንግሥቱ ገቢ 98 ከመቶ ያህሉ የዘይት ገንዘብ ሆነ። ይህ ገንዘብ ሃያ ሁለት ዓመት በጫካ የኖሩ፥ መዝገብና ደረሰኝ ያላያቸው ሰዎች እጅ ገባ። ግብር ከፋይ ሕዝብ ቢኖር «ገንዘቤ የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ገንዘቡ ከመሬት ውስጥ የሚፈልቅ በመሆኑ ግን ሹሙ ከሕዝቡ ምንም የሚፈልገው፥ ሕዝቡም ሹሙን የሚይዝበት ገመድ አልነበረም። በ2008 ሕዝቡን ከረሀብ ለማዳን ማሽላ ይገዛ ተብሎ የተመደበው ገንዘብ ለብዙ ኩባንያዎች ተከፈለ፤ ማሽላው ግን ወደ አብዛኞቹ ጎተራዎች ሳይደርስ ቀረ። በሜይ 2012 ፕሬዚዳንቱ ሳልቫ ኪር ራሳቸው ከ75 ለሚበልጡ የቀድሞና የጊዜው ባለሥልጣኖች ደብዳቤ ጻፉ። አራት ቢሊዮን ዶላር ያህል መጥፋቱን፥ ይኸውም መሰረቁን ገልጸው፥ የወሰዱትን እንዲመልሱ ለመኑ። ገንዘቡ የሚመለስበት የባንክ ሒሳብም በኬንያ ተከፍቶ ነበር። የዚያ ገንዘብ ታላቁ ክፍል ሳይመለስ እንደ ቀረ የታወቀ ነው።

ይህን ደብዳቤ ደጋግመን ልናስብበት ይገባል። ነጻነት ከተገኘ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። አገሪቱ ከሱዳን ጋር በቧንቧ ኪራይ ተጣልታ በዚያው ዓመት በጃንዋሪ የዘይቷን ጕድጓዶች ዘግታ ነበር፤ በግምጃ ቤቱም የረባ ገቢ የሚገባበት ጊዜ አልነበረም። ሌባውን መያዝ የሚገባው መንግሥት ሌባውን በደብዳቤ የሚለምን ከሆነ፥ ሥልጣኑ በማን እጅ እንዳለ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ ምን አለ?

የኛ አባቶች «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ትተውልናል። ይህን ተረት ስንሰማ እንስቃለን። ውስጡን ብንመረምረው ግን የሚያስቅ አይደለም። ሹመት የመብያ ጊዜ ከሆነ፥ መሻር ማለት ከማዕድ መነሣት ማለት ነው፤ ከማዕድ የተነሣ ሰው ደግሞ ጠመንጃ ካለው ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። በደቡብ ሱዳን የሆነው ይህ ነው። በጁላይ 2013 ፕሬዚዳንቱ ምክትላቸውን ሪክ ማቻርንና ሚኒስትሮቹን በሙሉ በአንድ ቀን ሻሩ። ዲሴምበር 15 ቀን በጁባ በጠባቂው ጦር ውስጥ ተኩስ ተጀመረ። በነጋታው ተራው ሰው በቋንቋው እየተለየ ይገደል ጀመር። የሹሞቹ ጠብ የተጀመረው በሥልጣን ነው፤ ድሀው ግን የሞተው በዘሩ ነው። ሹሙ የጎሳውን ስም የጠራው ሕዝቡን ስለ ወደደ ሳይሆን ጋሻ ስለ ፈለገ ነው።

ሰላም ሲባል የሚደረገውም ነገር ይህንኑ ልማድ የሚያጠነክር ነው። አንድ ምሳሌ ብቻ እናቅርብ። በ2010 ዴቪድ ያው ያው የተባለ ሰው በጆንግሌይ ለክፍለ ሀገር ምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ ሸፈተ። በ2011 ምሕረት ተደረገለትና የጄኔራልነት ማዕርግ ተሰጠው። በ2012 እንደገና ሸፈተ። በሜይ 2014 በአዲስ አበባ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የፒቦር አካባቢ ዋና አስተዳዳሪ ተደረገ። የሙርሌ ሕዝብ በደል አልነበረበትም አንልም፤ ነበረበት፤ ጦሩ ትጥቅ አስፈታለሁ ብሎ ባደረሰው ግፍ የተቈጣ ወጣት ብዙ ነበር። ነገር ግን ይህን ሁሉ ከዳር ሆኖ የሚመለከት የሌላ ወረዳ የጦር አለቃ የሚማረው ምንድን ነው? ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በምርጫ የተሸነፈ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል፥ የሸፈተ ሰው ግን ይሾማል። መምህር ሆኖ በወር ደመወዙ የሚኖር ሰው ደመወዙ ሲቀርበት የሚደርስለት የለም፤ ሁለት መቶ ጠመንጃ የያዘ ሰው ግን ሸምጋይ ይላክለታል። እንዲህ ያለው ሰላም ጦርነትን አያስቆምም፤ ለሚቀጥለው ጦርነት ቀብድ ይከፍላል እንጂ።

ስለ ውሎቹም ጥቂት እንናገር። በጃንዋሪ 2014 የመጀመሪያው የተኩስ ማቆም ስምምነት በአዲስ አበባ ተፈረመ። በዚያን ሰሞን የስብሰባ አዳራሾቹ በሌሎች እንግዶች ተይዘው ስለ ነበር ድርድሩ ለጊዜው በአንድ ታላቅ ሆቴል የጭፈራ ቤት ውስጥ መደረጉን የዜና ወኪሎች አውርተዋል። ተደራዳሪዎቹ በዚያ ምንጣፍ ላይ ሲከራከሩ፥ በማላካልና በቦር ሕዝቡ በተባበሩት መንግሥታት ጦር ሰፈር አጥር ሥር በጭቃ ላይ ተኝቶ ነበር። በሜይ ሌላ ስምምነት ተፈረመ። በኦገስት 2015 ትልቁ ውል ተፈረመ፤ ማቻር በአዲስ አበባ፥ ፕሬዚዳንቱ ደግሞ ቅሬታቸውን ዘርዝረው ዘግየት ብለው በጁባ ፈረሙ። በኤፕሪል 2016 ማቻር ወደ ጁባ ተመለሱ፤ በጁላይ የሁለቱ ጠባቂዎች ተታኰሱ፤ ማቻርም በእግራቸው ጫካ ለጫካ ሸሽተው ኮንጎ ገቡ። በ2018 የወጣ አንድ የእንግሊዝ አገር የጤና ጥበብ ትምህርት ቤት ጥናት እንደ ገመተው፥ ጦርነቱ ባይነሣ ኖሮ ሊሞቱ የማይገባቸው 383 ሺህ ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህም ግማሽ ያህሉ በቀጥታ በግድያ ያለቁ ናቸው። ከአራት ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብም ከቤቱ ተፈናቀለ።

ሴፕቴምበር 12 ቀን 2018 እንደ ገና በአዲስ አበባ የታደሰ ውል ተፈረመ። ይህን ውል ከፍቶ ለሚያነብ ተማሪ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይታየዋል። አንደኛው ክፍል ስለ መንግሥቱ አቋምና ስለ ሹመቱ አከፋፈል ይናገራል። አራተኛው ክፍል ስለ ገንዘብ አያያዝ፥ ስለ ዘይቱ ገቢ ግልጽነትና ስለ ሒሳብ ምርመራ ይደነግጋል። አምስተኛው ክፍል በጦርነቱ ወንጀል የሠሩ ሰዎች የሚዳኙበት፥ ከአፍሪካ ኅብረት ጋር የሚቋቋም ልዩ ፍርድ ቤት ይኑር ይላል። በወረቀቱ ላይ እንግዲህ ምንም የጎደለ የለም። ቀጥሎ ግን ምን ሆነ? የሹመቱ ክፍል ተፈጸመ፤ ፕሬዚዳንቱ አንድ፥ ምክትል ፕሬዚዳንቶቹ አምስት፥ የሽግግሩ ምክር ቤት እንደራሴዎች 550 ሆኑ። የፍርድ ቤቱ ክፍል ከፊርማው ሰባት ዓመት በኋላ እንኳ አልተፈጸመም። የገንዘቡም ክፍል ከወረቀት አልወረደም ለማለት የሚያስደፍር ማስረጃ ሞልቷል።

ማስረጃው ይህ ነው። «ዘይት ለመንገድ» በሚባለው መርሐ ግብር ከዘይቱ ገቢ ለአውራ ጎዳና ሥራ ገንዘብ ይመደብ ነበር። በሴፕቴምበር 2025 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት መርማሪ ጓድ ባወጣው መግለጫ፥ ከ2021 እስከ 2024 ለዚህ ሥራ ከተከፈለው 2.2 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 1.7 ቢሊዮን ያህሉ የት እንደ ደረሰ አይታወቅም ብሏል። ገንዘቡን ከተቀበሉት መካከል ከቤንጃሚን ቦል ሜል ጋር የተያያዙ ኩባንያዎች እንዳሉም መግለጫው ያትታል። እኚህ ነጋዴ በ2017 በአሜሪካ መንግሥት ማዕቀብ የተጣለባቸው ሲሆኑ፥ በፌብሩዋሪ 2025 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመው በኖቬምበር ተሽረዋል። የጁባ መንግሥት መግለጫውን አልተቀበለም፤ የኤኮኖሚው ችግር የመጣው በጦርነት፥ በአየር ጠባይ መለወጥና በዘይት ሽያጭ መቀነስ ነው ሲል መልሷል። እነዚህ ነገሮች እንዳሉ አንክድም። በ2024 ዘይቱን በሱዳን በኩል የሚያወጣው ዋና ቧንቧ በጦርነቱ ምክንያት ተበላሽቶ ገቢው በጣም ወርዶ ነበር። ነገር ግን ድርቅና ጎርፍ ማሽላ ያጠፋል እንጂ ለመንገድ የተከፈለን ገንዘብ ከመዝገብ ላይ አያጠፋም። የመንግሥት ሠራተኛው፥ ወታደሩና መምህሩ ለብዙ ወራት ደመወዝ ሳያገኙ ቆይተዋል። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት የ2024ን የአገሮች የሙስና ደረጃ ሲያወጣ ደቡብ ሱዳን ከ100 ነጥብ 8 አግኝታ ከ180 አገሮች የመጨረሻዋ ሆናለች።

ሰላሙስ? በማርች 2025 በናስር ከተማ ጦርነት ተነሥቶ የመንግሥቱ ጦር ሰፈር ተያዘ፤ በዚያው ወር ማቻር በቤታቸው ታሰሩ፤ በሴፕቴምበር በአገር ክህደትና በግድያ ተከሰው ችሎት ፊት ቀረቡ። ምርጫውም ከዓመት ዓመት ሲተላለፍ ቆይቶ በ2024 እንደ ገና ወደ ዲሴምበር 2026 ተላለፈ። ነጻነት ከተገኘ ጀምሮ እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ሕዝቡ መሪውን አንድ ጊዜ እንኳ አልመረጠም። «ሽግግር» የተባለው ዘመን ለሚበሉት ሰዎች ቋሚ ርስት ሆኗል። ሲያልቅ ሒሳብ የሚጠየቅበት ዘመን እንዲያልቅ ማን ይወዳል?

አሁን ወደ ወንድማችን ክርክር እንመለስ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ንቀን ልናልፈውም አይገባም። «ሒሳብ የሚጠየቁት ሰዎች ጠመንጃ የያዙ ናቸው፤ ዛሬ ብትጠይቋቸው ነገ ጫካ ይገባሉ፤ እናንተ ደረሰኝ ስትመረምሩ በመንደሩ ሕፃን ይሞታል» ነው የሚለው። የሕፃኑ ነገር እኛንም ያሳዝነናል። የሕፃኑን ሞት ለማስቆም ሲባል ከአረመኔ ጋር እንኳ መቀመጥ ግድ የሚሆንበት ቀን እንዳለ እናምናለን። ነገር ግን በእሳቱ ምሳሌ ላይ አንድ የጎደለ ነገር አለ። እሳቱን የለኮሰው ሰው በእሳቱ የሚያተርፍ፥ ለማጥፋትም ዋጋ የሚከፈለው ሰው ከሆነ፥ ዋጋውን መክፈል እሳቱን ማጥፋት ነውን? ቤቱ አንድ ጊዜ ብቻ ቢቃጠል ኖሮ ወንድማችን እውነት ብሎ ነበር። ቤቱ ግን በ2013፥ በ2016፥ በ2025 ተቃጥሏል፤ በየመካከሉም ውኃ ያዡ ደመወዙን ተቀብሏል።

እኛ «ሁሉም አስቀድሞ ይታሰር፥ ከዚያ በኋላ እንታረቅ» አንልም። ይህ ከቶ የማይሆን ነው። የምንለው ከዚህ ያነሰ፥ ነገር ግን ከዚህ የጠነከረ ነገር ነው። ሰላም በሚፈረምበት ወረቀት ላይ ገንዘቡ አብሮ ይፈረም፤ ከተፈረመም አብሮ ይፈጸም። የዘይቱ ገቢ በአንድ የታወቀ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ የየወሩ ድምር ለሕዝብ ይነገር። ወታደሩ በስም ይቆጠር፤ ደመወዙም በአለቃው እጅ ሳይሆን በገዛ እጁ ይድረሰው፤ በአለቃው እጅ ደመወዝ የሚበላ ወታደር የአለቃው አሽከር ነውና። የሹመቱ ክፍል አንድ እርምጃ ሲሄድ የሒሳቡ ክፍል አንድ እርምጃ ካልሄደ፥ ሸምጋዮቹ «ቆይ!» ይበሉ። ሸምጋዮቹ ስንል የኢጋድን አገሮች፥ የራሳችንንም አገር ጭምር ማለታችን ነው። የተሰረቀው ገንዘብ በጁባ ተቀብሮ አልቀረም። ዘ ሴንትሪ የተባለው መርማሪ ድርጅት በ2016 እንደ ገለጸው፥ ጦርነቱን የሚመሩት ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው በጎረቤት አገሮች ከተሞች ያማሩ ቤቶች ነበሯቸው። የባንኩን በር ክፍት አድርጎ ስለ ሰላም የሚሰብክ ጎረቤት፥ በአንድ እጁ ሸምጋይ በሌላው እጁ ተካፋይ ነው።

ይህን ስንጽፍ ራሳችንን ከፍ ባለ ወንበር ላይ አስቀምጠን ጎረቤታችንን ለመገሠጽ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ» የሚለው ተረት የኛው ነው፤ ከማንም አልተዋስነውም። በ2023 ለተራቡ ወገኖቻችን የመጣ እህል በየገበያው ሲሸጥ በመገኘቱ፥ የአሜሪካ የርዳታ ድርጅትና የዓለም የምግብ ድርጅት መጀመሪያ በትግራይ ቀጥሎም በመላው አገራችን የእህል ርዳታቸውን ለወራት እንዳቆሙ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከጦርነት በወጣ ሕዝብ አፍ ላይ የተነጠቀ እህል ነበር። የደቡብ ሱዳን ታሪክ የሚያስፈራን የባዕድ ታሪክ ስለ ሆነ አይደለም፤ ደረጃ በደረጃ እንዴት እዚያ እንደሚደረስ ስለሚያሳየን ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

እኛ ተማሪዎች ደግሞ ከነገ ሹሞች ውስጥ ነን። ከመካከላችን አንዱ ግምጃ ቤት ጸሐፊ፥ አንዱ መሐንዲስ፥ አንዱ ዳኛ፥ አንዱ የሆስፒታል መድኃኒት ቤት ኀላፊ ይሆናል። በጫካ ሃያ ሁለት ዓመት የታገሉት የደቡብ ሱዳን ሰዎችም በወጣትነታቸው ስለ ሕዝብ ያለቀሱ ነበሩ፤ ክፉ ሆነው አልተወለዱም። የወደቁት ጀግንነት ሒሳብን የሚተካ ስለ መሰላቸው ነው። «ለአገሬ ደክሜያለሁና ይገባኛል» ያለ ሰው የመጀመሪያውን እርምጃ ተራምዷል። «ለተማሪው ደክሜያለሁና አትጠይቁኝ» የሚል የማኅበር ሹምም በዚያው መንገድ ላይ ነው፤ ልዩነቱ የርቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ በራሳችን እንጀምር። ማኅበራችን የዘንድሮውን ሒሳብ እስካሁን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አልለጠፈም። ገንዘቡ ትንሽ መሆኑን እናውቃለን፤ የተሰረቀ ነገር አለም አላልንም። ነገር ግን የዚች ጋዜጣ አዘጋጆች ራሳችን ለወረቀት፥ ለስቴንስልና ለማባዣው መኪና ቀለም የወሰድነውን ገንዘብ በደረሰኝ አጠናቀን አላስረከብንም፤ ባለፈው የክርክር ምሽት ለሻይና ለብስኩት የወጣውም ደረሰኝ የለውም። ለጁባ ሹማምንት «ሒሳብ አምጡ» የምንል ሰዎች የሻይ ሒሳብ የሌለን መሆናችን ያሳፍራል። እነሆ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ የጋዜጣዋ ገቢና ወጪ በመጨረሻው ገጽ ላይ ይታተማል። የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚዎችም የዓመቱን ሒሳብ ከመጪው ጠቅላላ ጉባኤ በፊት በሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ፥ ሁለት አባላትም ከተማሪው ተመርጠው እንዲመረምሩት እንጠይቃለን። መምህራኖቻችን በዚህ ቢረዱን ደስ ይለናል።

«ይህ ትንሽ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። በልጅነታችን የሰማነውን ተረት ያስታውስ። ልጁ ከጎረቤት አንድ ዕንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም አለችው፤ ከዕንቁላል ወደ ዶሮ፥ ከዶሮ ወደ በሬ አደገ፤ በመጨረሻ ወደ መሰቀያው ሲወሰድ እናቱን «በዕንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አላት። ደቡብ ሱዳን ዛሬ ያንን ቃል እየተናገረች ነው። በኋለኛው ወንበር ተቀምጦ የጠየቀን ወንድማችንም ይህን ይወቅ፦ እሳቱ ስንት ጊዜ ጠፋ ተብሎ እንደ ተፈረመ ቈጥረናል። ስንቈጥርም ያየነው፥ በየውሉ ላይ የሹመቱ ድርሻ እየተፈጸመ የሒሳቡ ድርሻ መቅረቱን ነው። እኛ በዕንቁላሉ ላይ እንጀምራለን።